የተጣለ ትራንዚስተርና ዓለምን ያስጨፈረ ምት

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። መነሻችን ግን ጭፈራ ቤት ሳይሆን ቤተ ሙከራ ነው።

ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ ከሴንሰር የሚመጣን ደካማ ምልክት የሚያጎላ ትንሽ ሰርኪት እየሠራሁ ነበር። ስሌቱ ልክ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ስሞክረውም ይሠራል። ገጣጥሜ ኦሲሎስኮፕ ላይ ሳየው ግን ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር ፀጉር እንዳበቀለ ገመድ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ኖይዝ! ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ስነቅልና ስበይድ ቆይቼ ጥፋቱ የአንዲት ትራንዚስተር ሆኖ ተገኘ። ነቀልኳትና ቅርጫት ውስጥ ወረወርኳት። መስመሩ ጸዳ፤ እኔም እፎይ አልኩ።

በዚያው ሰሞን «808» የሚለውን የ2015 ዘጋቢ ፊልም አየሁ። ፊልሙ ላይ የሮላንድ ኩባንያ መሥራች የሆኑት ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ይቀርባሉ። ጉድለት ያለባቸውን ትራንዚስተሮች ሆን ብለው ይገዙ እንደነበር ሲናገሩ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኔ የጣልኩትን ዓይነት እሳቸው እየፈለጉ ይገዙት ነበር!

እነዚያ ትራንዚስተሮች የገቡበት ማሽን በ1982 ኒውዮርክ ውስጥ «ፕላኔት ሮክ» በተባለ ዘፈን ላይ ተጫወተ። ዘፈኑ የአፍሪካ ባምባታና የሶልሶኒክ ፎርስ ቡድን ሥራ ነው። ኤሌክትሮ ፈንክ ሲባል መጀመሪያ ከሚጠሩት ዘፈኖች አንዱ ነው፤ ዛሬ ስልካችን ላይ ከምንሰማው ሙዚቃ ብዙው ደግሞ የእሱ የልጅ ልጅ ነው። ታዲያ መሐንዲስ የሚጥለው ነገር እንዴት የዓለም ምት ሆነ? (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሮንክስ እና ዱሰልዶርፍ

በ1970ዎቹ የኒውዮርኳ ብሮንክስ ክፉ ጊዜ ላይ ነበረች። ትልቅ አውራ ጎዳና ሠፈሮቿን ሰንጥቆ አልፏል፤ ብዙ ሰው ለቅቋል፤ ብዙ ሕንፃ በእሳት ወድሟል። በቀሩት ሠፈሮች ወጣቶቹ ከመንገድ መብራት ምሰሶ ኤሌክትሪክ እየሳቡ መናፈሻ ውስጥ ስፒከር ይተክላሉ፤ እስኪመሽ ይጨፍራሉ። ሂፕ ሆፕ ያደገው በዚህ መሃል ነው።

አፍሪካ ባምባታ ከዚያ ሠፈር ዲጄዎች አንዱ ነበር። ያደገው ብሮንክስ ሪቨር በሚባሉት የመንግሥት የኪራይ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። መጀመሪያ የአንድ የጎዳና ቡድን አባል ነበር፤ በኋላ ግን ወጣቱን በጭፈራና በሙዚቃ የሚሰበስብ «ዙሉ ኔሽን» የተባለ ማኅበር አቋቋመ። በዲጄነቱ የሚታወቀው በሸክላዎቹ ብዛትና እንግዳነት ነው። ሮክ ይሁን፣ የቴሌቪዥን መግቢያ ሙዚቃ ይሁን ግድ የለውም፤ የሚያስጨፍር ከሆነ ያጫውተዋል።

ከሸክላዎቹ መሃል የጀርመን ነገር ነበረበት። ክራፍትቨርክ የተባለው ቡድን ዱሰልዶርፍ ከተማ ውስጥ ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር ያቋቋሙት ነው። በ1977 «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» የሚል አልበም አወጡ፤ ስለ ባቡር ነው፤ ምቱም ሐዲድ ላይ እንደሚሄድ ባቡር ነው። በ1981 ደግሞ «ኮምፒውተር ወርልድ» መጣ፤ እዚያ ውስጥ ቁጥር በተለያዩ ቋንቋዎች የሚቆጠርበት «ነምበርስ» የሚባል ሥራ አለ።

አሁን እስኪ አስቡት። ከረባት ያሰሩ፣ እንደ ሮቦት ቀጥ ብለው የሚቆሙ አራት ጀርመናውያን የብሮንክስን ልጅ ምን ያደርጉለታል? መልሱ ምቱ ውስጥ ነው። የብሮንክስ ዲጄዎች ከአንድ ዘፈን የሚፈልጉት ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን አጭር ቦታ ነበር። ያቺን ቦታ ለማርዘም ሁለት ሸክላ እያፈራረቁ ይደክማሉ። ክራፍትቨርክ ላይ ግን ምቱ አያቋርጥም፤ ዘፈኑ በሙሉ ያቺው ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ጀርመኖቹ ስለ ባቡርና ስለ ኮምፒውተር ሲያስቡ የሠሩት ነገር ለጨፋሪ ልክ ሆኖ ተገኘ።

በሃያ ዶላር የመጣ ማሽን

ቶም ሲልቨርማን የተባለ ወጣት ቶሚ ቦይ የሚባል አነስተኛ የሸክላ ኩባንያ ከፍቶ ነበር። ባምባታን አርተር ቤከር ከተባለ ፕሮዲዩሰር ጋር አገናኘው። ቤከርም የክራፍትቨርክን ዜማ መናፈሻ ውስጥ ከወጣቶች ትልልቅ ቴፖች ሲሰማ የቆየ ሰው ነው። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፦ የ«ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ዜማና የ«ነምበርስ»ን የመሰለ ምት አንድ ላይ ቢመጡስ? ዜማውን የሚጫወት ኪቦርዲስት አላቸው፤ ጆን ሮቢ ይባላል። የከበሮ ማሽን ግን የላቸውም።

ቤከር እንዳወራው ከሆነ ማሽኑን ያገኙት በጋዜጣ ማስታወቂያ ነው። አንድ ሰው ከነቲአር-808 ማሽኑ በሃያ ዶላር ስቱዲዮ እየመጣ እንደሚሠራ አስነግሮ ነበር። ተጠራ፤ መጣ፤ የክራፍትቨርክን ሸክላ አስሰሙትና «እንዲህ አድርገው» አሉት። እሱም ቁልፎቹን ተጫነ። ይህ ሰው ከዘፈኑ ጋር ስማቸው ከሚነሳው መሃል የለም። ሚሊዮኖች የጨፈሩበትን ምት በጣቱ ያስገባው ግን እሱ ነው።

ለመሆኑ ምት በጣት እንዴት ይገባል? ማሽኑ ፊት ለፊቱ ላይ 16 ቁልፎች ተደርድረውለታል። አንዱን የሙዚቃ መስፈሪያ ለ16 እኩል ቦታ ከፍላችሁ «እዚህ ከበሮ ምታ፣ እዚህ ዝለል» ትሉታላችሁ። ማሽኑም ሳይደክም ይደጋግመዋል። «ፕላኔት ሮክ» በደቂቃ ወደ 127 ምት ይሄዳል። 60 ሰከንድን ለ127 ስናካፍል አንዱ ምት 0.47 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ያንን ለአራት ስናካፍል አንዱ ቁልፍ 118 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይደርሰዋል። ሰው ከበሮ ሲመታ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ማሽኑ ግን እንዲህ ዓይነት መወላወል አያውቅም። የዘፈኑ ብርድ ብርድ የሚል፣ የጠፈር መርከብ የሚመስል ስሜት አንዱ ምንጭ ይሄ ነው።

ከበሮ መምሰል ያቃተው ከበሮ

ሮላንድ ቲአር-808ን ያወጣው በ1980 ነው። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሊን ኤልኤም-1 የሚባል ተፎካካሪ ነበረው። የሊን ማሽን እውነተኛ ከበሮ ተቀድቶ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠበት ስለሆነ ድምፁ የእውነት ከበሮ ነው። ዋጋው ግን ወደ 5,000 ዶላር ይጠጋል። 808 ወደ 1,200 ዶላር ነበር፤ በውስጡ አንድም የተቀዳ ከበሮ የለም። ሁሉንም ድምፅ በሰርኪት ነው የሚፈጥረው። ብዙ ባለሙያዎች ሰምተው «ይሄ ደግሞ ከበሮ ነው?» አሉ። ልክ ናቸው፤ አይመስልም። ከ1980 እስከ 1983 ተሸጦ የተሠራው 12,000 ያህል ብቻ ነው።

እስኪ ክዳኑን ከፍተን ውስጡን እንይ። መጀመሪያ ትልቁ ከበሮ። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ሕፃን አስቡ። አንዴ ገፋ ካደረጋችሁት በራሱ ፍጥነት ወዲያና ወዲህ እያለ ቀስ በቀስ ይቆማል። የ808 ትልቁ ከበሮም እንዲሁ ነው። ሬዚስተርና ካፓሲተር በልዩ አቀማመጥ ተያይዘው የኤሌክትሪክ ዥዋዥዌ ይሆናሉ። ቁልፉ ሲደርስ ሰርኪቱ አንድ አጭር ግፊት ያገኛል፤ ከዚያ በሰከንድ 50 ጊዜ አካባቢ እየተወዛወዘ ይሞታል። ዥዋዥዌው ቶሎ እንዲቆም ወይም ብዙ እንዲቆይ የሚያደርግ ማዞሪያ አለው። ማዞሪያውን ወደ መጨረሻው ካዞራችሁት «ዱም» የነበረው «ዱምምምም» ይሆናል።

50 ሄርዝ ስንል ምን ማለት ነው? ድምፅ አየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለ50 ብናካፍለው የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይመጣል። ከአንድ ሰፊ ክፍል ይረዝማል! ትልቅ ስፒከር አጠገብ ስትቆሙ ደረታችሁን የሚነካችሁ ይሄ ነው። የስልክ ስፒከር ደግሞ በዚህ ዝቅታ በቂ አየር መግፋት ስለማይችል ድምፁን ይውጠዋል። «ፕላኔት ሮክ»ን በስልክ ስፒከር ብቻ ሰምቶ «ምኑ ነው ይሄን ያህል?» ያለ ሰው ግማሹን ዘፈን አልሰማም ማለት ነው።

ማሽኑ ቃጭልም አለው። ሁለት አራት ማዕዘን ሞገዶችን፣ አንዱ 540፣ ሌላው 800 ሄርዝ አካባቢ፣ ቀላቅሎ የሚሠራው ነው። ከብት ያረባ ሰው ቢሰማው ይስቃል። ግን አንዴ የሰማው አይረሳውም።

አሁን ወደ ትራንዚስተራችን እንመለስ። ትንሹ ከበሮና የጭብጨባው ድምፅ «ሽሽ» የሚል ነገር ያስፈልጋቸዋል። ሬዲዮ ጣቢያ ሳይዝ ሲቀር የሚሰማው ዓይነት፣ ሁሉም ድግግሞሽ የተደባለቀበት ኖይዝ ማለት ነው። ይህን ከየት ያመጡታል? ትራንዚስተርን በተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ሲያስጨንቁት አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግድቡ ይጣሳል። ኤሌክትሮኖቹ በሥርዓት አይፈሱም፤ እንደ ናዳ፣ አንዴ ብዙ አንዴ ጥቂት ሆነው ይወርዳሉ። ያ መዘበራረቅ ሲጎላ «ሽሽሽ» ይሆናል። ሁሉም ትራንዚስተር ግን እኩል አይጮኽም። ለሌላ ሥራ የማይሆነው፣ ከመጠን በላይ የሚያንሾካሹከው፣ ለዚህ ሥራ ተመራጩ ነው። ሮላንድ ጉድለት ያለባቸውን የገዛው የተለየውን ድምፅ ፈልጎ ነው።

መጨረሻው ያስገርማል። የትራንዚስተር አመራረት እየተሻሻለ ሲሄድ መጥፎዎቹ ጠፉ። የሚገዛ ጉድለት ሲጠፋ ማሽኑን መሥራት አስቸገረ። ካኬሃሺ እንደገለጹት የ808 ምርት እንዲቆም ካደረጉት ምክንያቶች ዋናው ይሄ ነው። ቴክኖሎጂ በመሻሻሉ ምክንያት መሥራት የማይቻል ዕቃ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ኦርኬስትራ ያልነበረበት ኦርኬስትራ

ዘፈኑ ውስጥ በየመሃሉ «ቻ!» ብሎ የሚፈነዳ የኦርኬስትራ ድምፅ አለ። ስቱዲዮው ውስጥ ግን አንድም ቫዮሊን አልነበረም። ድምፁ የወጣው ፌርላይት ከሚባል የአውስትራሊያ ኮምፒውተር ነው። ፌርላይት ማንኛውንም ድምፅ ቀድቶ በኪቦርድ ማጫወት የሚችል፣ ለአብዛኛው ሙዚቀኛ የማይቀመስ ዋጋ ያለው መሣሪያ ነበር። ከማሽኑ ጋር ከሚመጡት ድምፆች አንዱን ዴቪድ ቮርሃውስ የተባለ ሙዚቀኛ ከስትራቪንስኪ «ፋየርበርድ» የባሌት ሙዚቃ ቀድቶት ነበር። «ፋየርበርድ» ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው በ1910 ፓሪስ ላይ ነው።

ቆጠራችንን እንያዝ፦ ሩሲያዊ አቀናባሪ፣ የጀርመን ዜማ፣ የጃፓን ከበሮ፣ የአውስትራሊያ ኮምፒውተር፣ የብሮንክስ ልጆች። ሁሉም አንድ የማንሃተን ስቱዲዮ ውስጥ ተገናኙ።

ልጆቹ ግን መጀመሪያ ሲሰሙት ደስ አላላቸውም። ለራፕ በጣም ይፈጥናል፤ እንግዳም ነው። መፍትሔውን ያገኘው ግሎብ የተባለው የቡድኑ አባል ነው። ከምቱ ጋር አብሮ ከመሮጥ ይልቅ ቃላቱን በዝግታ፣ ከምቱ ላይ እየተንሳፈፈ እንዲነገሩ አድርጎ ጻፋቸው። በአንድ ቦታ ላይ ደግሞ ፓው ዋው የተባለው ጓደኛው ቃሉ ጠፋበትና ትርጉም የሌለው ድምፅ እያወጣ ሞላው። አልሰረዙትም። እንዳለ ቀረ፤ ሰውም ወደደው። እዚህም ላይ ስህተቱ ሥራ ሆነ!

ምቱ የት የት ደረሰ?

«ፕላኔት ሮክ» በአሜሪካ የጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ 4ኛ፣ በጠቅላላው ሰንጠረዥ ላይ 48ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

በ1983 ሻነን «ሌት ዘ ሚውዚክ ፕሌይ»ን አወጣች፤ በኒውዮርክና በማያሚ የላቲን ወጣቶች የወደዱት ፍሪስታይል የሚባለው ስልት ከዚያ ተስፋፋ። ማያሚ ላይ ፕሮዲዩሰሮቹ ያንን የዥዋዥዌ ማዞሪያ ወደ መጨረሻው አዙረው መኪና የሚያንቀጠቅጥ የቤዝ ሙዚቃ ሠሩ። የእንግሊዙ ኒው ኦርደር ኒውዮርክ ድረስ መጥቶ በ1983 ከአርተር ቤከር ጋር «ኮንፊውዥን»ን ቀዳ። ከአውሮፓ የሄደው ሐሳብ አሜሪካ ተቀይሮ ወደ አውሮፓ ተመለሰ።

ዲትሮይት ላይ ግን ጠንቀቅ እንበል። «ቴክኖ የመጣው ከፕላኔት ሮክ ነው» የሚሉ አሉ። ዲትሮይት ውስጥ ሁዋን አትኪንስ ያለበት ሳይቦትሮን ቡድን የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው በ1981 ነው፤ ማለትም ከ«ፕላኔት ሮክ» በፊት። እነሱም ክራፍትቨርክን በራሳቸው መንገድ ይሰሙ ነበር። በሳይንስ ታሪክ ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ አንድ ነገር ላይ እንደሚደርሱት ሁሉ፣ እዚህም ሁለት ከተሞች ከአንድ ምንጭ ጠጥተው በየራሳቸው ሄደዋል።

808ም ምርቱ ሲቆም አልሞተም። ያገለገለው ዕቃ ረከሰ፤ አዲስ መግዛት የማይችለው ወጣት እጅ ገባ። ዛሬ ሙዚቃ የሚሠሩ ልጆች ረጅሙንና ጥልቁን ቤዝ በጅምላ «808» ይሉታል። አብዛኞቹ ማሽኑን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

ታዲያ የማን ነው?

ክራፍትቨርኮች ዘፈኑን ሲሰሙ ሁሉም ነገር አላስደሰታቸውም። ዜማቸው ነው፤ ፈቃድ ግን አልተጠየቁም። እርግጥ ሮቢ ከሸክላው ላይ አልቀዳም፤ በራሱ ኪቦርድ እንደገና ተጫወተው። በሕግ ዓይን ግን ቅጂና ዜማ ለየብቻ ናቸው። የሌላን ሰው ዜማ በራስህ እጅ ብትጫወተውም ዜማው የደራሲው ነው። በኋላ ጉዳዩ በክፍያ ስምምነት አለቀ። ተገቢም ነበር።

ስለ ባምባታም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን አጎድላለሁ። በ2016 በርካታ ወንዶች ልጆች ሳለን ወሲባዊ ጥቃት አድርሶብናል ብለው በአደባባይ ከሰውታል፤ እሱ ክሱን አስተባብሏል። ይህን የማነሳው ዘፈኑን አትስሙ ለማለት አይደለም። አንድን ሥራ አንድ ሰው ላይ ብቻ ስንሰቅል ሁለት ጊዜ እንሳሳታለን፦ የሌሎቹን ድካም እንረሳለን፤ ሥራውን ስለወደድን ብቻ ደግሞ ሰውየውን ከጥያቄ በላይ እናደርገዋለን። «ፕላኔት ሮክ»ን ስሰማ እኔ የማስበው በሃያ ዶላር መጥቶ ምቱን ስላስገባው፣ ስሙ ስላልተጠራው ሰው ነው።

መሐንዲስ ሆኖ ለተማረ ሰው እዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። እኛ ዕቃን የምንመዝነው «የታዘዘውን ሠራ ወይ?» ብለን ነው። 808 በዚህ ሚዛን ወድቋል፤ ከበሮ ምሰል ተባለ፣ አልመሰለም። የብሮንክስ ልጆች ግን ከበሮ መምሰሉን አልጠየቁም። «ያስጨፍራል ወይ?» አሉ። ማሽኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ይህ ማለት ግን የልብ ምት መለኪያ ላይ ኖይዝ ይፈቀድ ማለት አይደለም! የእኔም ሴንሰር ያቺን ትራንዚስተር አይፈልግም ነበር፤ ነቅዬ መጣሌ ልክ ነው። ከመወርወሬ በፊት ግን «ለዚህ አትሆንም» እና «አትረባም» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች መሆናቸውን ባስብ ጥሩ ነበር። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የሚጮኹ ትራንዚስተሮች የሚቀመጡበት ትንሽ ቆርቆሮ አለ።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ማታ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ፈልጋችሁ ዘፈኑን ክፈቱት። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ የሚወዛወዘውን ዥዋዥዌ፣ ቀጥሎ ከበሮው ውስጥ ያለችውን «ሽሽ»፣ ከዚያ የ1910ሩን ኦርኬስትራ ለዩ። ሦስቱንም ካገኛችሁ የማን ሥራ እንደሆነ ከጎናችሁ ላለው ሰው አስረዱት።